«ተጠናቋል» ያለው ማሽን

ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ 37 ከመቶ ላይ የቆመ ቁጥር እያየሁ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፤ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ግን ያው 37 ነው። ከኮምፒውተሩ ሆድ በየጥቂት ሰከንዱ «ጠቅ... ጠቅ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ባክአፕ የሚወስደው ሶፍትዌር ስታክ አድርጓል።

ቢሮው ለአካባቢው ትንንሽ ፋብሪካዎችና እርሻዎች ሒሳብ የሚሠራ ነው። መዝገብ ይይዛል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ያሰላል፣ ግብር ያሳውቃል። ከተማው ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃሎ ማኅተሙም ደብዳቤውም ተቀይሯል፤ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ያሉት ፎልደሮች ግን ስማቸው አሁንም «ሰበታ» ነው። ፋይሉ ከከተማው አዲስ ስም ይበልጣል።

የመዝገብ ክፍሉን የሚመሩት እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ቡና አስመጡልኝና ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ሁሌም እዚህ ጋ ነው የሚቆመው» አሉኝ። «ከዛ አንድ ጥያቄ ያወጣ ነበር። በፊት የሚሠራልን ልጅ ‘እሱ ሲመጣ ይሄን ተጫኑ’ ብሎ አሳየን። ስንጫነው ይጨርሳል። አሁን ግን ጥያቄውንም ትቶታል፤ ዝም ብሎ ነው የሚደርቀው።»

«የቱን ነበር የምትጫኑት፣ እትዬ?»

በጣታቸው ባዶ የስክሪን ቦታ ነኩ። አሁን እዚያ ላይ ምንም የለም፤ እሳቸው ግን የት እንደነበረ በደንብ ያውቁታል። «ስኪፕ የሚለውን።»

ለሁለት ዓመት፣ አርብ በመጣ ቁጥር፣ ስኪፕ ተጭነዋል። አርብ በመጣ ቁጥርም አረንጓዴ ምልክት ወጥቶ ባክአፑ በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን ነግሯቸዋል። እሳቸውም ደብተራቸው ላይ ቀኑን ጽፈው ፈርመዋል። ደብተሩን አሳዩኝ። አንድም አርብ አልጎደለም።

* * *

ሃንግ ያደረገ ኮምፒውተር ስናይ የመጀመሪያ ስሜታችን ስድብ ነው። እኔም የማውቃቸውን ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ማሽኑ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፍ መስጠት ካቆመለት ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ጠባቂ የሚኖር ነው። ራሙ 4 ጊጋ። አንቲቫይረሱ የሚቀዳውን እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ስለሚመረምር እሱን ለጊዜው አቆምኩት፤ ለውጥ የለም። ኤክስተርናሉ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ አየሁት፣ እሱም አይደለም። ገመድ ቀየርኩ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ ቀየርኩ። 37።

ከዛ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ከፈትኩት። ቀይ በቀይ ነው። ዲስኩ የተበላሸ ቦታ አለው የሚል መልእክት፣ ቁጥሩ 7፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

ሃርድ ዲስክ በጣም ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ሳህን ነው፤ ሴክተር እንላቸዋለን። አንዱ ሴክተር አልነበብ ሲል ዲስኩ ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም። እንደገና ያነባል። አንባቢውን ጭንቅላት መልሶ አስተካክሎ እንደገና ያነባል። በተለይ ለቤትና ለቢሮ የሚሸጡት ዲስኮች አንዷን ሴክተር ለማንበብ ብዙ ሰከንዶች ይታገላሉ። ዊንዶውስ ዲስኩን ይጠብቃል፣ ባክአፕ ሶፍትዌሩ ዊንዶውስን ይጠብቃል፣ እኛ ሶፍትዌሩን እንጠብቃለን። ያ «ጠቅ... ጠቅ» የሚለው ድምፅ ትግሉ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ዲስክ እየሠራ ሳለ ድንገት ሲጠፋ ኖሯል።

ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ላለፉት ሁለት ዓመታት እውነቱን ሲናገር የኖረው አንድ እሱ ነበር። «ይቺን ማንበብ አልቻልኩም» ይላል። ስኪፕ ይባላል። በሚቀጥለው አርብም ያንኑ ይላል።

* * *

ይህን ያህል ለአንድ ዲስክ የምከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሱሉልታ ውስጥ እኔ ራሴ ስኪፕ ያልኩበት ቀን አለ።

አንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ነበር። የርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አርጅቶ ነበርና በውስጡ ያለውን ሁሉ ቅዳልን አሉኝ፤ የተማሪዎች ሮስተር፣ ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎች። መቅዳት ስጀምር በየመሃሉ ይቆማል። መሽቷል። በጎጃም መንገድ ወደ አዲሱ ገበያ የሚመለስ ታክሲ ከመሸ እንዴት እንደሚያንገላታ የሄደ ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ስህተት የገጠማቸውን ፋይሎች ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ አንዲት ሳጥን አለች። ምልክት አደረግኩባት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ አረንጓዴ። ምን ምን እንደዘለለ የሚዘረዝር ሎግ ፋይል ጽፏል፤ አልከፈትኩትም። «ጨርሻለሁ» አልኩ። ርእሰ መምህሩ «ተባረክ ልጄ» ብለው ከፈሉኝ።

ዋሽቻለሁ እንዴ? ይቺን ጥያቄ ለራሴ በብዙ መንገድ መልሼያታለሁ። ሥራውን ጨርሻለሁ፤ እውነት ነው። ሶፍትዌሩ ተጠናቋል ብሏል፤ እውነት ነው። ከሺዎቹ ፋይሎች ምናልባት ጥቂቶቹ ናቸው የቀሩት፤ ይህም እውነት ነው። «ሁሉም ተቀድቷል» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ጠበቃ ብሆን እረታለሁ።

የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ከ1600 ዓመት በፊት ስለ ውሸት ሲጽፍ ያነሳት ነጥብ አለች። ሐሰት መናገር ብቻውን ውሸት አያሰኝም ይላል፤ ሰው ተሳስቶ እውነት መስሎት የተናገረው ውሸት አይደለም። ውሸት የሚለካው በልብና በአፍ መካከል ባለው ልዩነትና በማታለል ፈቃድ ነው። በዚህ መለኪያ ሰበታ ያሉት እትዬ በየአርቡ የፈረሙት ሐሰት ነው፤ እሳቸው ግን አልዋሹም። ሶፍትዌሩም ልብ የለውምና ሊዋሽ አይችልም። እኔስ? ሱሉልታ ላይ የተናገርኩት ቃል በሙሉ እውነት ሆኖ፣ ርእሰ መምህሩ በልባቸው ይዘውት የቀሩት ነገር ሐሰት ነበር። ሐሰት መሆኑን ደግሞ እኔ አውቅ ነበር። እውነተኛ ቃሎችን ሰብስቤ ውሸት ሠራሁባቸው።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ የሚለኝን ልንገራችሁ። እሱም ዴቬሎፐር ነው። «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ይላል። «99 ከመቶ ተርፏል እኮ! ሰውየው አዲስ ሰርቨር የሚገዛበት ገንዘብ የለው። ፍጹም የሆነ ነገር ስትጠብቅ ያ ዲስክ ጭራሽ ይሞታል። ስኪፕ ማለት ጥበብ ነው።»

ግማሹ ልክ ነው፤ በጣም ልክ ነው። የሚሞት ዲስክ ላይ የመጀመሪያው ሕግ የሚነበበውን ቶሎ ማውጣት ነው። በአንድ መጥፎ ቦታ ላይ መጨቅጨቅ ያለውንም ሊያሳጣ ይችላል። ዲስክ አዳኞች የሚጠቀሙበት ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱም ይዘላል! መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ያስቸገረውን እየዘለለ ይሄዳል። ግን አንድ ነገር ያደርጋል፤ የዘለላትን እያንዳንዷን ቦታ ካርታ ላይ ይጽፋል። በኋላ ወደ ካርታው ይመለስና የቀሩትን በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ እንደገና ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ያልተቻለው ሳይቻል ይቀራል፤ ካርታው ግን የቱ እንደሆነ ይናገራል።

እናም ከጓደኛዬ ጋር የምለያየው 99ኙ ላይ ሳይሆን የቀረችው አንዷ ላይ ነው። መዝለል ጥፋት አይደለም። የዘለሉትን አለመጻፍ፣ ጽፎም ለባለቤቱ አለመንገር ነው ጥፋቱ። መቶኛ ደግሞ የዲስኩ ቋንቋ ነው። ስሙ የጠፋችው ገጽ ላይ ላለው ሰው የጠፋው አንድ ከመቶ አይደለም፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ነው የጠፋው። ያ ሰው ኮምፒውተሩን አይቶት አያውቅም፤ ስኪፕ ሲባል አልተጠየቀም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ላይ የደረሰውን በሙያው ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ኢንጂነር በድካም ሰዓት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት አጠፋ። ወደ ባክአፕ ሲዞሩ ከዘረጓቸው አምስት መንገዶች አንዱም በአግባቡ አይሠራም ነበር። የዳናቸው አንድ ባልደረባ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ጠፋ። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው፤ ምን እንደጠፋ፣ ለምን እንደጠፋ፣ ደረጃ በደረጃ ለሕዝብ ጻፉት። ካርታውን አሳዩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

* * *

ይህን ጥያቄ እኛ አገር ከኮምፒውተር በፊት የተጋፈጡት ቁም ጸሐፊዎች ናቸው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርፀው መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩት። የብራና መጽሐፍ በቅርብ ያየ ሰው ያስተውላል፤ ጸሐፊው ቃል ካመለጠችው ከመስመሩ በላይ በትንንሽ ፊደል ትገባለች ወይም ኅዳጉ ላይ ትጻፋለች። ገጹ ውበቱ ይቀንሳል። ግን አንባቢው እዚህ ጋ መሳት እንደነበረና እንደታረመ ያያል። ጸሐፊው ገጹን ንጹሕ አስመስሎ ማለፍ ይችል ነበር።

መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ጠፍቷል ብላ ስትኖር፣ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎች ይዞ ሲመለስ ነው ያገኘችው። የኋላ ኋላ ቁምራን ላይ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ሙሉው ግን አሁንም የእኛው ነው። ሁሌ የማስበው ስለነዚያ ገልባጮች ነው። ዓለም ላይ የቀረውን ብቸኛ ሙሉ ቅጂ እንደያዙ አያውቁም ነበር። ለእነሱ ተራ የሥራ ቀን ነው። አንዱ ደክሞት አንድ ምዕራፍ ቢዘል፣ ማንም ሳያውቅ፣ ለሁሉም ሰው ያ ምዕራፍ አይኖርም ነበር። የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሚሆን በሚገለብጡበት ቀን አይታወቅም።

በአንጻሩ መቅደላ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አስገቡ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ግን ሁሉን አንድ አምባ ላይ ማኖር ባለሙያ ሁሉ የሚፈራው ነገር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ አብዛኛው አንድ ላይ ተዘረፈ፤ 350 ገደማ የሚሆኑት የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። መሰብሰብና ማስቀመጥ የተለያዩ መሆናቸውን ያንን ያህል ውድ ዋጋ ከፍለን ነው የተማርነው።

ከዚያ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ 9 ሺህ ገደማ መጻሕፍት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነሱን አንብቦ ዝርዝራቸውን ለማውጣት ነው። ዝርዝር ማውጣት ያለውን ብቻ መቁጠር አይደለም፤ መጀመሪያው የጎደለ፣ ቅጠሉ የወደቀ ከሆነም ይጻፋል። የጎደለውን የሚጽፍ ዝርዝር ያለውንም እንድናምነው ያደርገናል።

* * *

ሰበታ ወደተቀመጥኩበት ልመለስ። «እትዬ፣ ዛሬ አናስነሳውም» አልኩ። ዲስኩን ነቅዬ ይዤው መሄድ እንዳለብኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ እንደሚችል፣ ዋጋውም ከተነጋገርነው እንደሚጨምር ነገርኳቸው። የቢሮውን ኃላፊ ጠሩልኝ። ጋሼ ብዙ አላወሩም። «ስኪፕ እያልን አልነበር እንዴ ስንጨርስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ስኪፕ ያላችኋቸው ፋይሎች የሉም።»

ዝም አሉ። እትዬ ደብተራቸውን ዘጉ። ያንን መዝጋት አልረሳውም። የሁለት ዓመት ፊርማ ነው። የከፋው ደግሞ፣ ኤክስተርናሉ አንድ ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ በየአርቡ የበፊቱን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል። ማለትም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሙሉ ቅጂ ነበራቸው። የጎደለው በሙሉው ላይ ተጽፎበታል፤ ያውም በአረንጓዴ ምልክት።

ሌሊቱን ዲዲሬስኪው ሠራ። ጠዋት ካርታውን አየሁት። ሊነበብ ያልቻለው ቦታ ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ ነው። የትኞቹ ፋይሎች ላይ እንዳረፈ ፈልጌ አወጣሁ። የፒችትሪው ዳታ ደኅና ነው። የተጎዱት አራት የኤክሴል ፋይሎች ናቸው፤ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ የሆነው የአንድ አበባ እርሻ የደመወዝ ሉሆች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር 2005 ዓ.ም.።

የተዘጋ ድርጅት የአራት ወር ደመወዝ ለማን ምን ያደርጋል? ይህን ለራሴ ብዬ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ፣ አየር ጤና ሳልደርስ። ከዛ የጡረታው ነገር መጣብኝ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ይገባለታል። የዘወትር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር የሠራች ሴትና አሥር ዓመት የሞላች ሴት መካከል ያለው ልዩነት አራት ወር ነው። ክርክር ቢነሳ፣ ድርጅቱ በሌለበት፣ ማን ነው የሚመሰክርላት? እነዚያ ሉሆች ላይ ከሁለት መቶ በላይ ስም ነበር።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። ርእሱ «ያልተቀዳው» ነው። አራቱን ፋይሎች በስማቸው፣ በወራቸው ዘረዘርኩ። ኮፒ አድርጌ አዲሱ ዲስክ ውስጥ መጀመሪያ የሚታይ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንዱን አትሜ ለእትዬ ሰጠሁ።

አነበቡት። ተነሥተው ወደ ፋይል ካቢኔቱ ሄዱ። «ያኔ በወረቀትም እናትም ነበር» አሉ። ከሰዓት በኋላ የጥቅምትንና የኅዳርን ሉሆች ከእነ ማኅተማቸው አገኙ። የታኅሣሥና የጥር የለም። ገጹ ላይ ባገኟቸው ሁለቱ ትይዩ «በወረቀት አለ፣ 3ኛ መሳቢያ» ብለው በእጃቸው ጻፉ። ሁለቱ ባሉበት ቀሩ።

አሁን ቢሮው ሦስት ቅጂ አለው። አንዱ እዚያው፤ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ባለ ኤክስተርናል፤ አንዱ ደግሞ ጋሼ ቡራዩ ወዳለው ቤታቸው ይወስዱታል። እሳቱም ሌባውም ሰበታና ቡራዩን በአንድ ሌሊት አያዳርስም ብለን ነው። በየወሩ መጨረሻ እትዬ ከቅጂው ላይ እጃቸው የደረሰበትን ሦስት ፋይል ከፍተው ያያሉ። ደብተሩ ላይ የሚፈርሙት «ተጠናቋል» ላይ መሆኑ ቀርቶ «ከፍቼ አየሁት» ላይ ሆኗል።

* * *

ከዚያ ሳምንት በኋላ ሱሉልታ ደወልኩ። ርእሰ መምህሩ አስታወሱኝ። «ችግር የለም፣ በሰጠኸን ነው የምንሠራው» አሉ። «ልምጣና አንድ ነገር ልይ» አልኳቸው። ቅዳሜ ሄድኩ።

ሎጉ እዚያው ኤክስተርናል ላይ፣ ያኔ ባልከፈትኩበት ቦታ፣ ተቀምጧል። የተዘለሉት 11 ፋይሎች ናቸው። ስምንቱ የዊንዶውስ ጊዜያዊ ነገሮች ናቸው፤ ለማንም አይጠቅሙም። ሦስቱ ሮስተር ናቸው። የአንዱ የታተመ ኮፒ በሣጥን ተገኘ። የሁለቱ አልተገኘም።

«አሮጌው ኮምፒውተርስ?» አልኩ።

«ሸጥነው እኮ፤ ለቆራሌው» አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ የሳጥኗን ምልክት፣ ያልከፈትኩትን ሎግ፣ የመሸውን ታክሲ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ ቆይተው፣ «አልሸጠውም ነበር።»

የሁለቱን ፋይሎች ስም፣ ክፍልና ዓመት ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ተቀብለው ሣጥኑ ውስጥ፣ ሮስተሮቹ ሊኖሩበት ይገባ የነበረው ቦታ ላይ፣ አስገቡት።